የሌሊት ሽፍትና የማታ ኑይ ሊቃውንት

ቨርጂኒያ፣ ከደለስ ኤርፖርት ብዙም በማይርቅ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፍሮንት ዴስክ እሠራ ነበር። ሌሊት የሠራ ሰው ያውቀዋል። እስከ እኩለ ሌሊት እንግዳ ይገባል፣ ካርድ ትስባለህ፣ ቁልፍ ትሰጣለህ። ከዚያ ጭር ይላል። የቀኑን ሒሳብ ትዘጋለህ፣ ቡና ትቀይራለህ፣ ካሜራ ታያለህ። የሚያናግርህ ካለ ወይ ስለ ዋይፋይ ነው ወይ ስለ ቁርስ። ጨዋታ የሚወድ ከሆነ «ከየት ነህ?» ይላል። ኢትዮጵያ ስትለው «ምግባችሁን እወደዋለሁ» ብሎ ሊፍት ውስጥ ይገባል። ክፋት የለውም። ግን ክርክር እየሰማ ያደገ ሰው ስለ ዋይፋይ ብቻ ሲያወራ ምላሱ ይዝጋል።

ኦገስት ሲመጣ ሎቢው መልኩን ይለውጣል። ቻንቲሊ በሚገኘው ደለስ ኤክስፖ ሴንተር ብሪክፌር የሚባል የሌጎ ትርዒት ይደረግ ነበር። ሌጎ ያ ልጆች የሚገጣጥሙት፣ ማታ በባዶ እግር ስትረግጠው ነፍስህን የሚያወጣው የዴንማርክ ፕላስቲክ ነው። የሚመጡት ግን ልጆች ብቻ አይደሉም። ፂማም ጎልማሶች ትልልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ይዘው ይገባሉ። አንዱን ሣጥኑን በጋሪ ልጫንልህ ብለው፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ «አይ፣ ይሄ ከእኔ ጋር ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የሰማኋቸው ሌሊት ለማናጀር ልደውል ምንም አልቀረኝም። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። አንዱ ተነሥቶ ቆመ።

«ግሬግ ብሏል!»

«ግሬግ ቢልስ! ግሬግ ያለው ሁሉ ሕግ ነው?»

እኔ ግሬግ አለቃቸው መሰለኝ። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል እትዬ ብቅ አሉ። የደሴ ሴት ናቸው፤ የሆቴሉ ፎጣና አንሶላ በእሳቸው እጅ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነው ነው? ገንዘብ ተካክደው ነው?»

ሄጄ አጣርቼ ተመለስኩ።

«ስለ አሻንጉሊት ነው፣ እትዬ።»

አማተቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2001 ሌጎ ባዮኒክል የሚባል አሻንጉሊት አወጣ። ቶአ የሚባሉ ስድስት ጀግኖች አሉት፤ የእሳቱ ታሁ፣ የውኃዋ ጋሊ፣ የበረዶው ኮፓካ፣ የአየሩ ሌዋ፣ የአፈሩ ኦኑዋ፣ የድንጋዩ ፖሃቱ። ፊታቸው ላይ ኃይል የሚሰጥ ጭምብል አለ። ጠላታቸው ማኩታ ነው። አሻንጉሊቱ ተበታትኖ በፕላስቲክ ጣሳ ይሸጣል፤ ልጁ ከፍቶ ይገጣጥመዋል። ታሪኩም ከዚያው ይጀምራል። ጀግኖቹ በጣሳ ውስጥ ሆነው ማታ ኑይ የምትባል ደሴት ዳርቻ ላይ ይጣላሉ። ተበታትነው ነው የሚደርሱት። ራሳቸውን በራሳቸው ይገጣጥማሉ። ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ አያስታውሱም። የኤምባሲ የታሸገ ፖስታ ይዞ ደለስ የወረደ ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ፈገግ ይላል።

ጠቡ የሚመጣው ታሪኩ አንድ ቦታ ስላልተነገረ ነው። ከፊሉ ኮሚክ ላይ ነው፣ ከፊሉ ልብ ወለድ ላይ፣ ከፊሉ ፊልም ላይ፣ ከፊሉ ደግሞ በ2001 በወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ። ሁሉንም የሠራቸው አንድ ሰው አይደለም። ኮሚኮቹንና አብዛኞቹን መጻሕፍት የጻፈው ግሬግ ፋርሽቲ የሌጎ ሠራተኛ ነበር። አንባቢ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይመልሳል። ለዓመታት እንዲህ ሆነ። ይሄ ጭምብል ያኛውን ያሸንፋል? እገሌ በሕይወት አለ? እሱ አዎ ካለ አዎ ነው። መጽሐፍ ላይ ባይታተምም እንደ ታተመ ተቆጠረ።

ያን ሌሊት የተጣሉት ስለ ፍቅር ነበር። ፋርሽቲ በዚያ ዓለም የፍቅረኛ ፍቅር የሚባል ነገር የለም ብሎ መልሷል። ፍጡራኑ ከፊል ማሽን ናቸው፤ አይጋቡም፣ አይወልዱም። ወዳጅነት አለ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የ2001ዱ ጨዋታ ውስጥ ግን ሁኪ የሚባል የኳስ ጀግናና ማኩ የምትባል የባሕር ዳር ልጅ የሚፈላለጉ ይመስላሉ። ባለ መነጽሩ ከግሬግ ወገን ነው። ፂማሙ ደግሞ «ጨዋታው ቀድሞ ነው የወጣው» ይላል። «በልጅነቴ በዓይኔ ያየሁትን፣ በኋላ መጥቶ አላየህም ሊለኝ አይችልም!»

ቡና ላድርስላቸው ብዬ ጠጋ አልኩ። ባለ መነጽሩ ደረቴ ላይ ያለውን ስም አነበበና ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ምግቡን እስኪያመሰግን ጠበቅኩ።

«ሔኖክ!» አለ።

ስሜ ሔኖክ አይደለም።

«መጽሐፈ ሔኖክን ከመጽሐፍ ቅዱስ የምትቆጥሩት እናንተ ናችሁ አይደል?»

ተቀመጥኩ። እንግዳ ፊት መቀመጥ አይፈቀድም፤ ተቀመጥኩ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ስለማውቀው ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ፈረንጅ እሱ ነው። አዎ እኛ ነን፣ ኩፋሌም አለልህ አልኩት። ሔኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ መሆኑን፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1773 ቅጂውን ወደ አውሮፓ ይዞ እንደ ተመለሰ ነገርኳቸው። ጠቅላላ ስንት መጻሕፍት ናቸው? አሉኝ። 81።

«የትኞቹ 81?» አለ ፂማሙ።

ይሄን ጥያቄ ሰንበት ትምህርት ቤት ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቃለን። አቆጣጠሩ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ብሉይን 46፣ የሥርዓት መጻሕፍትን ጨምሮ አዲስን 35 ያደርጋል። ሌላው ብሉይን 54፣ አዲስን 27 ያደርጋል። ሁለቱም 81 ይመጣሉ። ይህን ስነግራቸው የአራቱም ዓይን በራ። ከመካከላቸው አንዷ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ጭምብል ስትቀያይር የነበረችው፣ «ስለዚህ ቁጥሩን ዘግተው ዝርዝሩን ትተውታል ማለት ነው» አለች። እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስቀመጠልኝ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ስለ አንድምታም ነገርኳቸው። የኛ መምህራን አንድ ጥቅስ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሲተረጎም አንዱን መርጠው ሌላውን አይጥሉም። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው ብለው ደርድረው ያስተምራሉ። ፂማሙ ደስ አለው። ታዲያ ሁኪና ማኩ አንድም ይዋደዳሉ፣ አንድም አይዋደዱም፤ አለቀ! ባለ መነጽሩ ግን በዋዛ የሚለቅ አልነበረም። አንድም ማለት የሚችለው ማነው? ማንም ነው? አለኝ። አይ፣ ከመምህር የተቀበለ ነው፣ ከጉባኤ ቤት የወጣ ነው አልኩት። «አየህ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «መምህር ያስፈልጋል። ግሬግ ያስፈልጋል!» እኔው ባቀበልኩት ዱላ መታኝ።

የኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ ከፂማሙ ጋር ነኝ። ደራሲ ጽፎ ያሳተመው ይያዛል። በኋላ ሲጠየቅ የመለሰው ግን አንድ አንድም ነው፤ የባለቤቱ ስለሆነ ክብደት አለው እንጂ ሌላውን አያፈርስም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የኛ ሰው ክርክር ይወዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይ አሌክሳንድሪያ አበሻ ካፌ ግቡ። በ66 ማን ምን አለ፣ በ97 ማን ማንን ከዳ፣ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ይቀጥላል። የሰው ዕውቀት ቀላል አይደለም፤ የስብሰባውን ቀንና የተቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር ይነግሩሃል። ግን ያንን ክርክር የጀመሩ ሁለት ሰዎች በዓመቱ አንዱ የአንዱን ለቅሶ አይደርስም። ካፌ ይቀያየራሉ። ቤተ ክርስቲያን የቀየሩም አውቃለሁ። እነዚህ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንገት ለአንገት ተናንቀው፣ ጠዋት እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንዱ ለሌላው ዋፍል ይጋግርለታል። ስለ አሻንጉሊት ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል። እነሱ ፊት እንዲህ አትበሉ።

ስለ ስምም የሚሉት አላቸው። ሌጎ አንዳንዱን ስም የወሰደው ከኒውዚላንድ ማኦሪዎች ቋንቋ ነበር። በ2001 ማኦሪዎቹ ተቃወሙ፤ ኩባንያውም አንዳንዱን ለመቀየር ተስማማ። የደሴቲቱ ሕዝብ ቶሁንጋ ይባል የነበረው ማቶራን ሆነ። ሁኪ ሂውኪ ሆነ። ቆንጆው ነገር ታሪኩ ውስጥ ምክንያት ተፈለገለት። ሕዝቡ ለሠራው ጀግንነት የስም በዓል ተደርጎ አዲስ ስም ተሸለመ። እኛ ኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ሲቀር ማንም ድግስ አልደገሰልንም።

በማግሥቱ ዓመት ሲመጡ ስሜን ጠርተው ገቡ። እኔም በባዶ አልጠበቅኳቸውም፤ በጭርታው ሰዓት ሳነብ ነበር የከረምኩት። ከሁሉ የወደድኩት የ2008ቱን ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ደሴት ሲባል የነበረው፣ ባሕር ውስጥ የተጋደመ የግዙፍ ሮቦት ፊት ሽፋን ሆኖ ተገኘ። ታላቁ መንፈስ ማታ ኑይ እያሉ የሚጠሩት ራሱ ሮቦቱ ነው። ሕዝቡ አካሉ ውስጥ ነበር የኖረው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣም ይታወቃል። ክርስቲያን ፋበር የሚባለው የዴንማርክ ሠዓሊ የአንጎል ዕጢ ነበረበት። መድኃኒት እየወሰደ ሳለ፣ አካሉ ውስጥ ገብተው የሚዋጉለት ትንንሽ ወታደሮች በሐሳቡ መጡ። ይህን ካወቅህ በኋላ ጣሳዎቹን ስታይ ክኒን ነው የሚመስሉህ።

የዚያ ዓመት ጠብ ስለ ሞት ነበር። በ2007 ማቶሮ የሚባለው ጀግና የሕይወትን ጭምብል ያጠልቃል። የሚያጠልቅ እንደሚሞት ያውቃል። ሰውነቱ ወደ ኃይል ተለውጦ ይጠፋል፤ የሞተው ማታ ኑይ ይነሣል። ልጅ ሆነው ያነበቡት ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል። በኋላ ግን ፋርሽቲ ስለ ቀይ ኮከቧ ተጠየቀ። ከሰማይ ያለችው ቀይ ኮከብ ሙታንን የምታስነሣ ጣቢያ ነች፤ ስለተበላሸች ግን ያስነሣቻቸውን መልሳ መላክ አልቻለችም ብሎ መለሰ። ጭምብል ቀያያሪዋ ይህን ፈጽሞ አትቀበልም። ሞት ከተሰረዘ፣ በአሥር ዓመቴ ያለቀስኩት ምን ነበር? ትላለች። ባለ መነጽሩ ማቶሮ አካል ስላልቀረው እዚያ የለም ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። ባሰባት።

የሚፈርድላቸው የለም። አሻንጉሊቱ በ2010 ቆመ። በኢንተርኔት በክፍል በክፍል ይቀጥል የነበረው ታሪክም በ2011 ተቋረጠ፤ ገጸ ባሕርያት መንገድ ላይ ቀሩ። በ2015 ሌጎ እንደገና ሞከረ፣ ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ በ2016 አለቀ። የቀረው እነሱ ዘንድ ነው። አንዱ ይስላል፣ አንዱ ያልታተመውን መልስ ሁሉ ይሰበስባል፣ አንዱ ያልተሠራለትን ገጸ ባሕርይ በሌጎ ሠርቶ ቻንቲሊ ድረስ ይዞት ይመጣል።

እትዬ ያን ሌሊት ንጹሕ ፎጣ ይዘው ሲያልፉ ልጅቷ እንባ እንባ ሲላት አዩና ቆሙ። ደግሞ ምን ሆኑ? አሉኝ። በአጭሩ ነገርኳቸው። ፍቅር የለም የተባለበት አገር መሆኑን፣ ማቶሮ ግን ለሁሉም ብሎ መሞቱን። ፎጣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ፍቅር የላቸውም ካሉ ታዲያ ያ ልጅ ለማን ብሎ ሞተ?»

ተረጎምኩት። ባለ መነጽሩ በትሕትና መለሰ። ያ የወዳጅነት ነው፤ ደግሞም የዚያ ሕዝብ መመሪያ አንድነት፣ ግዴታ፣ ዕጣ ፈንታ ነው። ማቶሮ የሞተው ግዴታው ስለሆነ ነው አለ። ይህንንም ለእትዬ መልሼ ተረጎምኩ።

«ግዴታማ እኔም አለብኝ» አሉ ፎጣውን እያነሡ። «ለሆቴሉ ፎጣ ብዬ ግን አልሞትም።»

ፂማሙ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች። ባለ መነጽሩ ግሬግ በዚህ ላይ ያለውን ሊያነብልን ስልኩን ማገላበጥ ጀመረ።