የቲ ምልክት መረጣ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የጎልፍ ሜዳችንን የቲ ምልክቶች (ቲን፣ ማለትም የየጉድጓዱ የመጀመሪያ ምት የሚመታበትን ቦታ፣ ከግራና ከቀኝ የሚያሳዩትን) የመቀየር ሥራ ወደ እኔ ከመጣ ወዲህ ያየሁትን፣ ተመሳሳይ ነገር ለምትሞክሩ ላካፍል። ለምልክት ያልዋለ ቅርጽ የለም ማለት ይቻላል፤ ክብ፣ ግማሽ ክብ፣ የግንድ ቁራጭ፣ የተጠረበ ድንጋይ፣ ወፍ፣ ዓሣ፣ ዓርማ የተቀረጸበት አሉሚኒየም። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ያምራሉ። ሣር ላይ ወርደው ከ30 እርምጃ ሲታዩ ግን ብዙዎቹ ወይ ይጠፋሉ፣ ወይ ሰው ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላሉ። ስለዚህ ናሙና የምፈትሸው መደቡ (ለቲ የተስተካከለው ሣር) ላይ አስቀምጬ፣ ተጫዋቹ በሚመጣበት መንገድ ላይ ቆሜ ነው፤ ጠዋት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ደግሞም ጥላ ሲረዝም።

ቅርጹን የወሰነልኝ የጨዋታው ደንብ ነው። ቲ ማለት በደንቡ አራት ማዕዘን ቦታ ነው፦ የፊት ጠርዙ የሁለቱን ምልክቶች ፊተኛ ነጥብ የሚያገናኘው መስመር፣ ጎኖቹ ከምልክቶቹ ውጫዊ ነጥብ ወደ ኋላ የሚሄዱት መስመሮች፣ ጥልቀቱ ደግሞ ሁለት የዱላ ርዝመት። የዱላ ርዝመት የሚባለው ተጫዋቹ በያዛቸው ዱላዎች ውስጥ፣ ፓተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለመግፋት የሚያገለግለው ዱላ) ሳይቆጠር፣ የረጅሙ ልክ ነው። እንግዲህ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ምልክት ብናደርግ ፊተኛው ነጥብ የቱ ሊሆን ነው? ምንቃሩ ወይስ የክንፉ ጫፍ? ቀልድ ይመስላል እንጂ በስትሮክ ፕሌይ (ጠቅላላ ምት ተቆጥሮ በሚሸናነፉበት ጨዋታ) ከመስመሩ አልፎ የመታ ተጫዋች ሁለት ምት ይቀጣል፤ ከትክክለኛው ቦታም እንደገና መምታት አለበት። ውድድር ላይ ስለ ምንቃር የሚከራከር ሰው እንደማይጠፋ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። ወፏን ተሰናበትኳት።

የቀሩት ክቡ፣ ግማሽ ክቡና አራት ማዕዘኑ ናቸው። አራት ማዕዘኑ ንጹሕ መልክ አለው፤ ግን ፊት ስላለው ትንሽ ከዞረ ጠማማነቱ ከሩቅ ያስታውቃል። ምልክቶቹን በየጠዋቱ የሚያዘዋውረው ሠራተኛ ደግሞ ሌላም ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ግማሽ ክቡ ከየትም ቢታይ ያው ነው፤ ዝቅ ያለ ስለሆነም የተጫዋቹን አቋም ብዙም አይረብሽም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምክንያቱም ከቲው ከመምታቱ በፊት ለራሱ እንዲመቸው ምልክቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይቀጣል። እግር የሚያደናቅፍ ትልቅ ምልክት ማስቀመጥ ተጫዋቹን ሆን ብሎ መፈተን ነው።

ዓርማን በተመለከተ የኮሚቴው አባላት ሁሉም ቦታ ላይ እንዲኖር ይፈልጋሉ። እኔ ግን የሜሪየንን መንገድ እመርጣለሁ። ፔንሲልቫኒያ የሚገኘው ይህ የጎልፍ ክለብ ጉድጓዶቹን በሚያሳዩት ምሰሶዎች ጫፍ ላይ በባንዲራ ፋንታ የተሸመነ ቅርጫት ያደርጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች ቀይ፣ በቀሪዎቹ ብርቱካናማ። የጎልፍ ሰው ፎቶውን ባየ ቅጽበት ቦታውን ይለየዋል፤ ጽሑፍ አያስፈልገውም። አንድ ነገር ለይቶ መያዝና ሌላውን ጭምት ማድረግ ይበቃል ባይ ነኝ። የግድ ነው ከተባለ ዓርማው አናቱ ላይ ይሁን፤ እዚያ ሲሆን ምልክቱ ቢዞርም አይዛባም።

አሁን ወደ ቀለም። ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይሄ ነው።

አንድ ጉድጓድ በተለያየ ርቀት ላይ ብዙ ቲ ስላለው በቀለም ይለያሉ፤ የተለመደው አደራረግ ከፊት ቀይ፣ መሀል ነጭ፣ ከኋላ ሰማያዊ፣ ከሁሉም ኋላ ጥቁር ወይም ወርቃማ ነው። ደንቡ ግን ይህን ቀለም ተጠቀሙ አይልም፤ ልማድ ነው። ቀይ አረንጓዴ ላይ ደምቆ እንደሚታይ እናስባለን፤ ለሁሉም ዓይን ግን እንደዚያ አይደለም። መነሻቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆኑ ወንዶች ዘንድ ከ12ቱ አንዱ ያህል ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራል፤ በሴቶች ከ200 አንዷ ያህል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጫዋች ጥቁር ቀይ ምልክት ሣር ውስጥ የተደበቀ ነው። ሁለት መፍትሔ ሞክሬ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ፦ ቀዩን ወደ ብርቱካናማ ያደላ ፈካ ያለ ቀይ ማድረግ፣ እና አናቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ መጨመር። ለፊተኛው ቲ አንድ፣ ለቀጣዩ ሁለት፣ እያለ ይሄዳል። ነጠብጣቡ እንዲያውም ጌጥ ሆነለት።

ጥቁር ክብር ያለው ቀለም ነው፤ ዛፍ የጋረደው ቲ ላይ ግን ከጥላው አይለይም። ቢጫ ሣሩ ለምለም ሲሆን ከሁሉም ይበልጣል፣ ሣሩ ሲደርቅ ይዋጣል። ነጭ ሁልጊዜ ይታያል፤ ጭቃውም አብሮ ይታያል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ፀሐይ ሲያርፍበት ስለሚያንጸባርቅ ሁሉንም ደብዛዛ አደረግኳቸው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በጎልፍ ነጭ እንጨት የሜዳውን ወሰን፣ ቀይና ቢጫ እንጨት ደግሞ የቅጣት ቦታን (ብዙ ጊዜ ውኃ ያለበትን) ያመለክታሉ። ስለዚህ የቲ ምልክት ቀጭን ቋሚ እንጨት መሳይ መሆን የለበትም፤ በተለይ ውኃ አጠገብ።

የቀለም ሌላ ጣጣው ትርጉም መሸከሙ ነው። ቀዩ «የሴቶች» እየተባለ ስለኖረ ከዚያ ቢጫወት የሚሻለው ወንድ አፍሮ ወደ ኋላ ይሄድና ሦስተኛ ምቱም ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) አያደርሰውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ተጫዋቾች ወደ ፊተኛ ቲ እንዲወርዱ የሚጋብዝ ዘመቻ የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ በዋለው የዓለም የሃንዲካፕ (ደካማና ጠንካራ ተጫዋች እኩል እንዲወዳደሩ የሚሰጥ የምት ማካካሻ) ሥርዓትም እያንዳንዱ ቲ አስቸጋሪነቱን የሚለኩ የራሱ የኮርስ ሬቲንግና የስሎፕ ቁጥር ይሰጠዋል። ሃንዲካፑ በዚያ ስለሚስተካከል ከፊት መጫወት ማንንም አያሳንስም። እኔ ቀዩን ጨርሶ ለማስቀረት ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ የውጤት ካርዱ እንደገና ይታተም ማለት ስለሆነ ለጊዜው አልተቀበሉኝም። ነጠብጣቡ ግን ጸድቋል፤ ሰዎችም «ከሁለት ነጥብ እንምታ» ማለት ጀምረዋል።

ስለ ክብደት ሒሳቡን ሥሩት። 18 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ቲ፣ 72 ጥንድ፤ 144 ምልክት ማለት ነው። መደቡ በታጨደ ቁጥር እያንዳንዱ ተነሥቶ ይመለሳል። አንዱ ሦስት ኪሎ ቢመዝን ሠራተኞቹ በአንድ ዙር 432 ኪሎ ያነሣሉ፣ 432 ኪሎ ይመልሳሉ። ድንጋዩን የተውኩት በዚህ ነው፤ ደግሞም በዱላው ጫፍ ተመትቶ ወደ ጎን የወጣ ኳስ ድንጋይ ላይ ነጥሮ ወደ ሰው ሊመለስ ይችላል።

እንጨት አሁንም ልቤን ይወስደዋል። ከእርጥብ ግንድ እንደ ዳቦ የተቆረጠ ክብ ግን ሲደርቅ ከመሀሉ እስከ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ እንጨት በዙሪያው አቅጣጫ የሚሸማቀቀው ከመሀል ወደ ዳር ባለው አቅጣጫ ከሚሸማቀቀው ስለሚበልጥ ነው። እንጨት ከወሰናችሁ አስቀድሞ የደረቀውን ምረጡ፣ ውኃ በብዛት የሚጠጣው የተቆረጠው ፊት ስለሆነም ቫርኒሹን ከዚያ ጀምሩ። እኛ ለመጀመሪያው ጉድጓድ ብቻ እንጨት አድርገን ለሌላው ቀላል ፕላስቲክ ይዘናል። ትርፍ ጥንዶችም አስቀርተናል፤ የሚያምር ምልክት እግር ያወጣል።

አቀማመጡ ከምልክቱ ባልተናነሰ መልክ ይሰጣል። ሁለቱ ምልክቶች ግራና ቀኝ ከአምስት እስከ ሰባት ሜትር ተራርቀው፣ የሚያገናኛቸው መስመር ኳሱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ ርካሹም ያምራል። ወደ ጫካው ካዘመመ ግን ተጫዋቹ ሳያውቀው ወደዚያው ይዞራል። ለዚህ ሁለት ቀጥ ያለ ጣውላ እንደ መስቀል አጋጥመን መለኪያ ሠርተናል። ከምልክቶቹ በስተኋላ ሁለት የዱላ ርዝመት ጥሩ ሣር መኖሩንም እናያለን። አብዛኛው ሰው በአይረን (ቀጭን የብረት ራስ ባለው ዱላ) በሚመታባቸው ፓር 3 (በሦስት ምት ይጠናቀቃሉ ተብለው በሚታሰቡ አጫጭር) ጉድጓዶች ሣሩ ቶሎ ስለሚቦጨቅ ምልክቶቹን በየቀኑ ማዛወር ግድ ነው።

ገና ያልፈታሁት የሥር ሚስማሩን ነው። አጭሩ መሬቱ ሲረጥብ ይነቀላል፣ ረጅሙ መሬቱ ሲደርቅ አልገባም ይላል፤ ወድቆ ከቀረ ደግሞ የማጨጃውን ምላጭ ይሰብራል። በመፍቻ የሚቀየር ሚስማር ያለው ምልክት የተጠቀመ ካለ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተስማማው ቢነግረኝ ቀጣዩን ትዕዛዝ በዚያ እወስናለሁ።