አመዱን ማን አወጣው?

እንግሊዝ አገር አናጺ ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ የድሮ ቤት ጥገና ነው። በዚህ አገር ገጠር የመሳፍንትና የባለጸጎች መኖሪያ የነበሩ ግዙፍ ቤቶች አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግብሩና ወጪው ከብዶ ብዙዎቹ ፈረሱ። ከተረፉት አንዳንዶቹ ተከፋፍለው የብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነዋል።

የተጠራሁት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደተሠራ አንድ ቤት ነው። ምድር ቤት የሚኖሩት በዕድሜ የገፉ ሴት ድምፅ አስቸግሯቸዋል። «ከላይ ያለው ጎረቤቴ ለሐኪም ስለ ሕመሙ ሲነግር ሁሉ ይሰማኛል። እሱ አያውቅም፤ እኔ ግን አፍራለሁ» አሉኝ። ነገሩ ልቤን ነካው።

ከታች በኩል መጀመር አይታሰብም። ኮርኒሱ በእጅ የተሠራ የኖራ ጌጥ አለው። ቤቱም በሕግ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። ስለዚህ ጎረቤትየውን አስፈቅጄ ከላይ ጥቂት የወለል ሳንቃ አነሳሁ። ውስጡ ባዶ ነው! የማሞቂያ ቧንቧ ብቻ ተዘርግቷል። ለቧንቧው ሲባል አግዳሚ እንጨቶቹም ተቦርቡረዋል።

ቧንቧው ያልደረሰበት ጥግ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። በአግዳሚዎቹ መካከል ሻካራ ጣውላ ተረብርቦ፣ በላዩ አመድ፣ አሸዋና ኖራ ተሞልቶበታል። የድሮ ግንበኞች ይህን ያደረጉት ድምፅ ለማፈን ነው። የንግግር ድምፅ ቀላሉን ወለል በቀላሉ ያርገበግበዋል፤ ክብደት ሲኖረው ግን ይታገዳል። ጎረቤትየው ነገሩን አስታወሰ። ማሞቂያው ሲገባ ኮንትራክተሩ ብዙ ጆንያ «ቆሻሻ» አስወጥቶ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ቤቶችን በማዳን የታወቀው ኪት ማርቲን ሲከፋፍል በተቻለ መጠን ከላይ እስከ ታች ነበር የሚቆርጠው። በ1990ዎቹ ራትላንድ ውስጥ ያለውን በርሊ ኦን ዘ ሂል የሚባለውን ቤት ወደ መኖሪያ የለወጠው እሱ ነው። ፎቁም ምድሩም የአንድ ቤተሰብ ከሆነ በራስህ ላይ የሚራመድ ባዕድ አይኖርም። ትልልቆቹ ክፍሎችም ሳይሸነሸኑ ይተርፋሉ። እኔ በዚህ አሠራር አምናለሁ። የእኛ ቤት ግን በፎቅ ተከፍሎ አልቋል።

የቅርስ ባለሙያዋን አማከርን፤ ፈቃድ መጣ። ቀጥሎ ኢንጂነር የተቦረቦሩትን እንጨቶች መረመረ። አምስት ሳንቲ ሜትር ደረቅ አሸዋ በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንጨቶቹ ድሮ አመዱን ችለዋል፤ ያኔ ግን አልተቦረቦሩም ነበር። የተዳከሙትን አጠናክረን፣ ጣውላ ረብርበን፣ ላስቲክ አንጥፈን አሸዋውን ሞላን። ሳንቃዎቹን ስናነሳ ቁጥር ጽፈንባቸው ስለነበር እያንዳንዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። የእግር ኮቴ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ጎረቤትየው ወፍራም ምንጣፍ ገዛ።

ወጥ ቤቱ ላይ አሸዋ አላደረግንም። ውኃ ቢፈስ አሸዋው ይጠጣና ክብደቱ ከልክ ያልፋል። እዚያ ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ ጥቅጥቅ ያለ የማዕድን ሱፍ ጠቀጠቅን። ሴትየዋ ሳሎናቸው ውስጥ አሁን ንግግር አይሰሙም። ከወጥ ቤቱ ሥር ግን ትንሽ ጉምጉምታ አለ፤ ቃሉ አይለይም። «ይሄ ይበቃኛል» አሉኝ።