መቆለፊያ የሌለው መኝታ ክፍል

ማውዝዋሺንግ የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ትናንት ማታ ጨረስሁ። ሮንግ ኦርገን የተባለ የስዊድን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሲሆን፣ ቱልፓር በምትባል የጭነት የጠፈር መንኮራኩር ላይ የሚሠሩ የአምስት ሰዎች ታሪክ ነው። ኩባንያው መዘጋቱንና ሁሉም መሰናበታቸውን ገና በጉዞ ላይ ሳሉ በመልእክት ያረዳቸዋል፤ መንኮራኩሯ ከተጋጨች በኋላ ጭነቱ ሲከፈትም የአፍ መጉመጥመጫ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ግን የአንዲት ጥያቄን ያህል አላስጨነቀኝም። ነርሷ አንያ፣ የሕክምና ክፍሉ መቆለፊያ እያለው መኝታ ክፍሎቹ ለምን እንደሌላቸው ካፒቴኑን ከርሊን ትጠይቀዋለች። ምክትሉ ጂሚ ምን እንዳደረሰባት ጨዋታው በግልጽ አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም። ከርሊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጂሚ ግን የቆየ ወዳጁ ነውና፣ አናግረዋለሁ ብሎ ያልፈዋል።

ይህን «አናግረዋለሁ» ባሕር ዳርም በደንብ አውቀዋለሁ። ቀድሞ በሠራሁበት የጣና ዳር ሆቴል፣ አስተናጋጆች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል በሩ አይዘጋም ነበር። አንዲት ልጅ አቤት ስትል፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምናከብረው ኃላፊያችን ነገሩን በሽምግልና አበረደው፤ ሽምግልናው እርቅ አወረደ እንጂ በሩን አላሠራም፤ ልጅቷም ብዙ ሳትቆይ ሥራዋን ለቀቀች። ማንንም ላለማስቀየም መጠንቀቅ በእኛ ዘንድ የመልካም አለቃ ምልክት ነው፤ በዚህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ የሚጠቀመው ግን ያው አንዱ ወገን ነው።

የጨዋታው ጭካኔ ከግጭቱ በፊት ከርሊን፣ ከግጭቱ በኋላ ደግሞ በአብዛኛው ጂሚን አድርጎ የሚያጫውተን መሆኑ ነው። እጅና እግሩን አጥቶ መናገር የተሳነውን ካፒቴን አፉን ከፍተን መድኃኒት የምናስውጠው በገዛ እጃችን ነው፤ ጂሚም ሁሉን እያስተካከለ እንደሆነ ለራሱ ሲነግር፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን እናምነዋለን። (ወደ መጨረሻው የሚመጡት የመሸሽና የመደበቅ ክፍሎች ግን ለእኔ ትርፍ ናቸው።)

ታናሽ ወንድሜ ለካፒቴኑ ይሟገታል፤ «በዚያ ጠፈር ላይ፣ ፖሊስ በሌለበት፣ ምን ማድረግ ይችል ነበር?» ይለኛል። የአንያን መኝታ ወደ ሕክምና ክፍሉ ማዛወር ይችል ነበር፤ መቆለፊያ ያለው በር እዚያው መንኮራኩሯ ውስጥ ነበረ።