ማን ነው የሚቆረጥመው?

ዛሬ ገና መጋረጃውን ሳልከፍት ጉልበቴ «ይዘንባል» አለኝ። አመንኩት። ከዚያ በኋላ ነገር ሁሉ አስጠላኝ፤ የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ እንኳ ለጣቶቼ እምቢ አለ። ስለ ደመናና ስለ ድብርት ሁለት መስመር ጽፌ ልገላገል ነበር የተቀመጥኩት።

«ቁርጥማቴ ተነሳ» ብዬ ስጀምር ግን ቃሉ ላይ ቆምኩ። ቁርጥማት። ውሻ አጥንት ሲይዝ ቆረጠመ የምንለው ያው ግስ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ራሱ ታሞ መሆን አለበት። ቅር የሚለኝ፣ ቃሉ መቆርጠሙን እንጂ ቆርጣሚውን አለመናገሩ ነው። ቆርጣሚው ደግሞ አንድ አይደለም፤ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ሕመም) በሚባለው ስም ከ100 በላይ በሽታዎች ይጠራሉ። «ዕድሜ ነው» ብሎ ሁሉንም መሸኘት ስንፍና ነው። ሕፃናትን የሚይዝም አለ እኮ።

ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ጠዋት ከአልጋ ተነስቶ መገጣጠሚያው እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከ30 ደቂቃ በታች ከለቀቀ፣ ቀን ላይ ደግሞ በሥራ ብዛት የሚብስ ከሆነ፣ ጥርጣሬው በአጥንቶቹ መሐል ያለው ልም አጥንት ወደሚያልቅበት ወደ ኦስቲዮአርትራይተስ ያደላል። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ደርቆ ከቆየ፣ ሲንቀሳቀሱ እየተሻለ ሲያርፉ የሚብስ ከሆነ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስን ወይም ዘመዶቹን ማሰብ ነው። ቀጥሎ እጅ ይታያል። ከጥፍር አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት የኦስቲዮአርትራይተስ ምልክት ነው። ሩማቶይድ ያን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል፤ የሚወደው ጣት ከመዳፍ የሚገናኝበትን ረድፍ ነው፣ ያውም በሁለቱም እጅ፣ ለስለስና ሞቅ ያለ እብጠት ይዞ። ሰው ሲጨብጠው እጁን የሚነጥቅ ሰው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀን መቁጠር የለበትም። ሩማቶይድ የበላውን አጥንት አይመልስም፣ መድኃኒቱም የሚያድነው ገና ያልተበላውን ነው።

በሩማቶይድ ቆርጣሚው የራስ ዘበኛ ነው። የሰውነት በሽታ መከላከያ የመገጣጠሚያውን የውስጥ ሽፋን ጠላት አድርጎ ይወረዋል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት ነው። ስለ እርሱ አንድ ነገር ብቻ በትልቁ ጻፍ ብባል፦ በሳምንት አንድ ቀን! በስህተት በየቀኑ የዋጠው ሰው የአጥንት መቅኔው ደም ማምረት ሊያቆም ይችላል፤ ሰው ሞቶበታል። ስለዚህ ቀኑን በስሙ ጠርቶ፣ «ሰኞ» ብሎ፣ በወፍራም እስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ መጻፍ ነው። አብሮት የሚሰጠው ፎሊክ አሲድ የአፍ ቁስሉንና ማቅለሽለሹን ያቀልላል። የደምና የጉበት ምርመራው አይዘለልም፣ እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም። ደግሞ ዘገምተኛ ነው፤ ውጤቱ ለመታየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የጣለው ሰው ገና አልሞከረውም።

የሪህ ቆርጣሚ ሌላ ነው፤ ክሪስታል ነው። በደም ውስጥ የበዛው ዩሪክ አሲድ እንደ መርፌ ሾሎ መገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ብዙ ጊዜ በሌሊት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ በእግር አውራ ጣት ሥር፤ ያኔ የአንሶላ ክብደት እንኳ አይቻልም። ሰው የሚሳሳተው ግን ሕክምናው ላይ ነው። አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲዱን ማውረድ ሲጀምር የተከማቸው ክሪስታል ይናዳል፤ ናዳው ራሱ አዲስ ሕመም ይቀሰቅሳል። ታማሚው «መድኃኒቱ ነው ያባሰብኝ» ብሎ ወዲያ ይወረውረዋል። በቀን ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያም ባነሰ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨመረው፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራትም ሕመሙ እንዳይቀሰቀስ የሚከላከለው ኮልቺሲን የሚደረብለት ለዚህ ነው። የዩሪክ አሲዱ መድረሻ በዴሲሊትር ደም ከ6 ሚሊግራም በታች ነው። ሕመሙ ጠፋ ማለት ቁጥሩ ወረደ ማለት አይደለም።

(አንድ መገጣጠሚያ ብቻ በድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ይዞ ከመጣ ግን ይህን ሁሉ ትቶ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ኢንፌክሽን ከሆነ መገጣጠሚያውን በቀናት ውስጥ ያበላሸዋል።)

ወደ ጉልበት ልመለስ። አጥንትና አጥንት እንዳይፋተጉ መሐል የተቀመጠው ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው እንደ ስፖንጅ ነው፦ ስንረግጥ ይጨመቃል፣ ስናነሳ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ይመጣል። «አመመኝና ተቀመጥኩ» ማለት እንግዲህ ማስራብ ነው። ጉልበቱን የሚሸከምለት የጭን የፊት ጡንቻም በመቀመጥ ይከሳል። ቀላሉ ነገር ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አንድ እግር እስኪቃና መዘርጋት፣ 5 ሰከንድ መያዝ፣ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ 10 ጊዜ። ልኩን የሚነግረን ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ሕመሙ ከመነሻው በላይ ከሆነ ነገ መቀነስ እንጂ ማቆም አይደለም። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ከዚህ የተሻለ ትርፍ የት ይገኛል?

ከዘራ የሚይዙ ሰዎች ሁሌም ያናድዱኛል፤ በታመመው እግር በኩል ይይዙታል። በጤነኛው በኩል ነው! ከታመመው እግር ጋር እኩል ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቁመቱም ክንድ ተንጠልጥሎ እጅ አንጓ ላይ ይደርሳል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው ይቀድማል፣ ሲወርድ የታመመው።

ለጉልበት ሕመም ከሚዋጠው ማስታገሻ በፊት የሚቀባው ይሞከር። 1 በመቶው ዳይክሎፌናክ ጄል ለአንድ ጉልበት 4 ግራም ነው፣ በቀን 4 ጊዜ፤ ሰው ግን እንደ ሽቶ ነካ አድርጎ «አይሠራም» ይላል። የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ወንድሞቹ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ።

አንዱ ነገር ብቻ ያብሰለስለኛል። ልም አጥንቱ ነርቭም የለውም። ራጁ ላይ ተበልቶ ያለቀ ጉልበት ይዞ ሳያመው የሚሄድ ሰው አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ የሚያነክስም አለ። ታዲያ የሚጮኸው ማን ነው? ከሥር ያለው አጥንት? ሽፋኑ? ጅማቱ? ወይስ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ?

ስለ ደመና ልጽፍ ነበር ለካ። ስለ መንቀሳቀስ ስሰብክ አንድ ሰዓት ተቀምጫለሁ፣ ቁልፉም አልተቆለፈም። መጋረጃውን ለመክፈት መነሳት ይጠይቃል። ዘንቦ ይሆን?