ከሐይቅ ዳር፣ ስለ ባሕር ዓሣ

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሐይቅ ከተማ። ከዚያ ወደ ውኃው በባጃጅ ነው። አብዛኛው መንገደኛ እዚህ የሚመጣው አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀኑትን የእስጢፋኖስን ገዳም ለመሳለም ነው። እኔን ያመጣኝ ግን ዓሣው ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች ዓሣቸውን በምን ሥርዓት እንደሚያስተዳድሩ ሳነብ ከርሜ፣ ነገሩን ከአስጋሪ አፍ መስማት አማረኝ።

ውኃው ዳር ሸምገል ያሉ አስጋሪ መረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይጠግናሉ። ከጎናቸው ቆሮሶና አምባዛ በሳፋ ተቀምጧል። ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የለቀቁት። ዛሬ የብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል።

ሁለት ዓይነት መረብ አሳዩኝ። በአንደኛው ዓይን አራት ጣታቸው ይገባል። በሌላው ሁለት ጣት ገብቶ ይጣበቃል።

«ይቺኛዋ ጫጩቱን ነው የምትለቅመው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን ይገዟታል?»

«ምን ላድርግ ልጄ? እኔ ብተወው ያ ማዶ ያለው ያወጣዋል።»

የዓለም የባሕር ዓሣ ሕግ በሙሉ የሚታገለው ከዚህ መልስ ጋር ነው። ካናዳ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ለዘመናት ስታወጣ ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመዱን ከለከለች። ዓሣው አልቆ ነበር። 30 ሺህ ያህል ሰው በአንዴ ሥራ ፈታ። ያንን ያህል ሰው ከነቤተሰቡ አስቡት።

አይስላንድ ቀደም ብላ ነቃች። እ.ኤ.አ. በ1975 ከዳርቻዋ እስከ 200 የባሕር ማይል፣ ማለትም 370 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የዓሣው ባለቤት እኔ ነኝ አለች። ከእንግሊዝ መርከቦች ጋር እስከ መጋጨት ደረሰች። የውጭው ሰው ሲወጣ ግን የራሷ ጀልባዎች በዙ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1984 ኮታ መጣ። ባለሙያዎች ባሕሩን አጥንተው በዓመት ይህን ያህል ቶን ይበቃል ይላሉ። ያ ለጀልባዎች ይከፋፈላል። ወደብ የደረሰ ዓሣ ሁሉ ይመዘናል፣ ከድርሻው ላይ ይቀነሳል። ያኔ «ያ ማዶ ያለው» የሚባል ነገር ይቀራል። የማዶውም ድርሻ ተጽፏልና።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ድርሻው እንዲሸጥ ፈቀደ። እዚህ ላይ እኔ አልስማማም። ገንዘብ ያለው ገዝቶ ሰበሰበው፤ ባሕር ዳር ያሉ ትንንሽ መንደሮች ዓሣውን እያዩ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሚዛኑን ውሰዱልኝ፣ ሽያጩን ተዉልኝ ባይ ነኝ።

የኖርዌይም ሕግ አሪፍ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ኮድና ሃዶክ የተባሉትን ዓሦች ከተያዙ በኋላ መልሶ ባሕር ውስጥ መጣል ክልክል ነው። አለበለዚያ አስጋሪው ትንሹን ሞቶም ቢሆን ይጥልና ትልቁን ብቻ ያስመዘግባል። ኮታው ወረቀት ላይ ያምራል፤ ባሕሩ ግን ይራቆታል።

እኛ ባሕር ባይኖረንም ሕጉ አለን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ ተቆጣጣሪም እንዲመደብ ይላል። ክልሉም የራሱ አዋጅ አለው። ጥያቄዬ ከዚህ በኋላ ስላለው ነው።

«የያዙትን ማን ይመዝነዋል?» አልኳቸው።

«ነጋዴው ነዋ።»

«የሚጽፈውስ?»

ሳቁብኝ። «ገንዘቡን ነው የሚጽፈው።»

በጣም ከነከነኝ። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፤ መረቡም ያንኑ ያህል። ከሐይቁ ስንት እንደወጣ ካልተጻፈ ስንት ይበቃል የሚለውን በምን ይወስናሉ? ቅንጡ መርከብ አያስፈልግም። ጀልባ በሚቆምበት ሁሉ አንድ ሚዛን፣ አንድ መዝገብ፣ ከአስጋሪዎቹ መሐል የተመረጠ አንድ ጸሐፊ። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው መርፌያቸውን አቆሙ።

«ሁላችንም ላይ ከሆነ» አሉ፣ ጠባቧን መረብ በእግራቸው ገፋ አድርገው፣ «ይቺን መጀመሪያ የምጥላት እኔ ነኝ። እኔ ላይ ብቻ ከሆነ ግን አልጥላትም።»