አንተ አገር አልደረሰ ይሆናል

የምሠራው ጃፓን፣ አይቺ ውስጥ ነው፤ የመኪና ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ፣ ጥራት ክፍል። አምስቱን ማዎች፣ የሥራ ቦታ ማደራጃ ደንቦቹን፣ አገር ቤት ሸምድጄ ስለሄድኩ ካይዘኑ፣ ሥራን በየጊዜው የማሻሻሉ ዘዴ፣ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው። የጃፓኖቹ እንግሊዝኛ።

የተበላሸ ዕቃ የሚጣልበት ቀይ ሳጥን አለ። ላዩ ላይ «ኤን ጂ» ይላል፤ ኖ ጉድ ለማለት ነው። ድረ ገጽ ኤች ፒ ነው፣ ሆም ፔጅ። የተከራየሁት ቤት ዋን ኤል ዲ ኬ ይባላል፤ አንድ መኝታ፣ ሳሎኑ ከነመመገቢያውና ከነኩሽናው።

አንዴ ለውጭ ደንበኛ የሚላክ የፍተሻ መመሪያ እንግሊዝኛውን እንዳይ ተሰጠኝ። ኤን ጂ የሚለውን ሁሉ «ሪጀክት» አደረግኩት። አለቃዬ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ መጣ፤ ካቾ ነው የምንለው፣ የክፍል ኃላፊ ማለት ነው።

«ኤን ጂን ለምን አጠፋኸው?»

«እንግሊዝኛ ተናጋሪ አይገባውም፣ ካቾ።»

«በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ?»

«ፊደሉማ ነው።»

ትንሽ አሰበና በትህትና፣ «ምናልባት አንተ አገር አልደረሰ ይሆናል» አለኝ።

እስካሁን የምታንገበግበኝ ይቺ ናት። ስድብ ቢሆን ደግ ነበር፤ ስድብ መልስ አለው። ሰውዬው ግን ከልቡ አዝኖልኝ ነው። ሄዶ ከማሽኑ የጣሳ ቡና ገዛልኝ። ለሐበሻ፣ የጣሳ ቡና!

አጠገቤ የምትቀመጠው ነባር ሠራተኛ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንድ ታሪክ ነገረችኝ። ዛሬ ኦ ኤል፣ ኦፊስ ሌዲ የሚባሉት የቢሮ ሴቶች ድሮ ቢ ጂ ነበሩ፤ ቢዝነስ ገርል። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲቃረብ ፈረንጅ ባር ገርል፣ የመጠጥ ቤት ሴት ማለት ይመስለዋል ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የሴቶች መጽሔት አንባቢዎቹን ድምፅ አሰጥቶ ኦ ኤል ተመረጠ። ለኦሎምፒክ እንግዳ እንዲያ የተጨነቀ አገር ለከፋይ ደንበኛ ቢጨነቅ ምናለበት? ለካቾ ግን ይህን አላልኩትም። ቡናውን ጠጥቻለኋ።

መመሪያው ከነኤን ጂው ሄደ። ደንበኛው ኢሜይል ላከ፤ ኤን ጂ የተባለው ዕቃ ከሌላው በምን ይሻላል ብሎ። ኒው ጄኔሬሽን መስሎታል። ካቾ ደጋግሞ አነበበውና ራሱን ነቀነቀ።

«እነሱም ጋ አልደረሰም።»

የምህጻረ ቃል መፍቻ የማዘጋጀቱ ሥራ ለኔ ተሰጠ። አሁን ከየመመሪያው ጋር ይላካል፤ ከሥር የካቾ ማኅተም አለበት፣ የኔ ስም የለም። ኤን አርን ግን አላስገባኋትም። ከቢሮ ወጥቶ የማይመለስ ሰው ነጩ ሰሌዳ ላይ ስሙ አጠገብ የሚጽፋት ናት፤ ኖ ሪተርን። እሷን ማንም እንዲያርማት አልፈልግም። አርብ አርብ እሠራባታለሁ።