«እዚያ በያጅ የለም እንዴ?»

ከጅማ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ማለቂያ የለውም። የድሮ ጓደኛ የሞተር ፎቶ ይልካል፤ ግራና ቀኝ ሻንጣ፣ ከኋላ ድንኳን የታሰረበት። ከሥሩ እንዲህ ይጽፋል፦ «ጀርመን ተቀምጠህ ይሄን መሥራት አቃተህ? አሮጌ ሞተር ግዛ፣ ፖርቶመጋላ አስበይድበት፣ አገር ዙር። እዚያ በያጅ የለም እንዴ?»

አለ፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። ግን ሻንሲ አይነካልህም።

የጅማው በያጅ ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ ሥራውን ያስረክብሃል። ሒሳቡን ከፍለህ ጨዋታም ይመረቅልሃል። እዚህ የተለመደው ስህተት ይህንኑ ጋራዥ ውስጥ ተደብቆ በራስ እጅ መሥራት ነው። ከዚያ የምርመራ ቀን ይደርሳል፤ ሞተር በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። መርማሪው ቁጢጥ ብሎ አውራ ጣቱን በብየዳው ላይ ያስኬዳል። «ማን በየደው? የፈቃድ ወረቀቱስ?» ሁለቱም መልስ የላቸው። ለመንገድ አደገኛ ነው ብሎ ከወሰነ ታርጋው ላይ ያለውን የምርመራ ምልክት ልጦ ያነሳዋል፤ ሞተሩን አስነስተህ መሄድ አትችልም። በሐምሌ ሙቀት ወፍራም ጃኬት ለብሶ፣ ሄልሜት እንደ ሕፃን ታቅፎ በባቡር የሚሄድ ሐበሻ ካያችሁ ምን እንደደረሰበት አትጠይቁት።

ክፋት ብቻ አይደለም። የሻንሲ ቱቦ ስስ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ከስፌቱ አጠገብ ያለውን ብረት ጠባይ ይለውጠዋል። ጭነት ሲወዘውዘው የሚሰነጠቀው ብየዳው ራሱ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ነው። የእኛም ይሰነጠቃል እኮ፤ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሲለያይ «ዕድል ነው» ብለን ደግመን እንበይደዋለን። እነሱ ደግሞ ከመሰንጠቁ በፊት ፋይል ይከፍቱለታል።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ። በብሎን የሚታሰር ፖርቶመጋላ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄ አያስነሳም። ባለ 18 ሚሊ ብረት ቱቦ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነ ይበቃል። አሉሚኒየም ያምራል፤ ቢሰበር ግን በተራ ኤሌክትሮድ አይበየድም። ቱቦዎቹን ሞተሩ ላይ ለክተህ እርስ በርሳቸው (ከሻንሲው ጋር አይደለም) በነጥብ ብየዳ ብቻ አጣብቅ፣ ከዚያ አውርደህ መሬት ላይ ጨርሰው። ለዚያች ነጥብም ቢሆን አስቀድመህ ባትሪውንና የባትሪ ቻርጅ መቆጣጠሪያውን ንቀል፤ የብየዳ ኃይል ያቃጥላቸዋል። የብየዳ ማሽኑን መሬት ሽቦ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ እሰር፤ ራቅ ካለ ኃይሉ በኩሽኔታ፣ ማለትም የሚሽከረከረውን አካል በተሸከመው ቀለበት፣ ውስጥ አልፎ ይበላዋል። ብሎኑ 8 ሚሊ፣ ዳዶው ውስጡ ላስቲክ ያለው ይሁን። ግራና ቀኙን ከታርጋ በስተኋላ በአንድ ተሻጋሪ ቱቦ አያይዝ፤ ይህን የዘለለ ሰው ሞተሩ በፍጥነት ላይ ጭራውን ይቆላበታል። ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው፣ 4 ሳንቲ ሜትር ካልራቅህ ሻንጣህ ይቀልጣል። የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ነድተህ ሁሉንም ብሎን እንደገና አጥብቅ።

የትኛው ሞተር? ሱዙኪ ዲአር 650 ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ አንድ ሲሊንደር፣ አንድ ካርቦራተር፣ ራዲያተር የለው። የ1996ቱ ዓይነት ሰልባትዮ፣ የነዳጅ ታንኩ፣ 13 ሊትር ነው። ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ቢጠጣ 260 ኪሎ ሜትር፤ አዲስ አበባ ሞልተህ ብትነሳ ጅማ አያደርስህም። ወደ 20 ሊትር የሚይዝ ይገጠምለታል፤ የፋብሪካው ካልሆነ ግን እሱም ወረቀት ይፈልጋል። መሪ ስትቀይርም፣ ማርሚታ ስትቀይርም እንደዚያው። እዚህ አገር መጀመሪያ ወረቀቱ ይገዛል፣ ቀጥሎ ዕቃው።

ይህ ሞተር አንድ ድብቅ በሽታ አለው። ከፍሪሲዮኑ በስተጀርባ ዜሮ ማርሽን የሚያመለክተው ስዊች በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ታስሯል። ንዝረቱ ያላላቸዋል፤ ተፈተው ጥርስ መካከል ከወደቁ ሞተሩን ከውስጥ ይሰብሩታል። ከረጅም ጉዞ በፊት ፍሪሲዮኑን አውጣ፣ ብሎኖቹን ከዘይት አጽዳ፣ በማጣበቂያ ወይም በስስ ሽቦ እሰራቸው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሞላውንም አትርሳ። የኋላው ጎማ ላይና ታች የሚንቀሳቀሰው ወደ 260 ሚሊ ነው፤ አንተም ጭነትህም ተቀምጣችሁ ሲሶውን፣ 85 ሚሊ አካባቢ፣ ብቻ መብላት አለበት። ከዚያ ካለፈ መጀመሪያ ሞላውን አጥብቅ፤ ካልበቃው ጠንከር ባለ ቀይረው። የካቴናውን ልልነት የምትለካው ሞተሩ ተጭኖ ነው። ባዶውን ወጥረህ ከጫንክበት የፒኞኑን፣ ካቴናውን የሚያዞረውን የፊት ጥርስ፣ ኩሽኔታ ይጨርሰዋል። ካላማዳሪ ከያዝክ የፊቱን፣ ባለ 21 ኢንቹን ያዝ፤ ሲቸግር ለኋላው ባለ 17 ኢንች ጎማም ይሆናል።

ለመምጣት ለምታስቡ ደግሞ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ኑሮ ከጀመራችሁ በኋላ የሚሠራው ለ6 ወር ነው፤ ከዚያ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና አለ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ አለ፣ በአማርኛ የለም። ሙሉውን የሞተር ፈቃድ በቀጥታ ለመውሰድ 24 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። «እኔ ከልጅነቴ ነው የነዳሁት» የሚለውን ጅማ አጠገብ፣ ሰርቦ ላይ ንገሩት፤ እዚህ ሰሚ የለውም።

ማደርም እንደዚያው። ድንኳን ጫካ ውስጥ መትከል በአብዛኛው ክልክል ነው፤ ሣር ላይ ለመተኛት ትከፍላለህ፣ ለሻወሩ ሳንቲም ትቆጥራለህ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ዝምታ ነው። ቡና ልቁላ ብትል ጎረቤት ጭሱን ያያል እንጂ ሲኒ ይዞ አይመጣም። በእኛ በኩል ደጃፍ ላይ ድንኳን ብትዘረጋ ቤት እያለ ለምን ሜዳ ብለው ይቆጡሃል፤ ብቻህን መተኛትም አትችል።

አንዲት ነገር ግን የጅማ ሰው በቶሎ ይገባዋል። የጅማ በርጩማ ወጣ ገባ መሬት ላይ የማይወላገደው ሦስት እግር ስላለው ነው፤ የቆመ ሞተርም ሁለት ጎማና አንድ የጎን ማቆሚያ፣ ያው ሦስት እግር ነው። ችግሩ ሦስተኛው ቀጭን መሆኑ ነው። ከነጭነቱ 200 ኪሎ የሚሆን ሞተር እርጥብ ሣር ላይ ሌሊቱን ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሰምጣል። ድንኳንህን ከሞተሩ በስተቀኝ ትከል። ከማቆሚያው ሥር 8 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ ላሜራ ግጠምለት። በብሎን እንጂ፣ እንዳትበይደው።